ሰባት ቤት የተቆጠረላት መኪና

እግሬ አያርፍም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የምትሰሙትን ጉድ ሁሉ በሰይጣን እንዳታሳብቡት ብዬ ነው። ወንበር ላይ ስቀመጥ ቀኝ እግሬ ብቻውን ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣል። ኩፓት ሖሊም ከሚሉት ክሊኒክ ሄጄ ሐኪም ስጠብቅ አጠገቤ ያለው በሽተኛ ከበሽታው ይልቅ እኔን ይፈራኝና ቦታ ይቀይራል። እናቴማ በሰንበት ማዕድ ላይ ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ «አንተ ልጅ፣ ጠረጴዛው ምጥ ይዞታል መሰለኝ» ትለኛለች። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ተቀምጦ የሚነዳው ነገር ፍለጋ ሲወጣ ምን ሊገጥመው እንደሚችል እናንተው ገምቱ።

ያን ጊዜ ናታንያ ከተማ፣ ራማት የዲዲም ሰፈር፣ ሊፍት የሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ከወላጆቼ ጋር እኖር ነበር። የምሠራው ከከተማው በስተደቡብ፣ የፕላስቲክ ክዳን የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ክዳን ብቻ። ክዳኑ የሚገጠምበት ዕቃ የት እንደሚሠራ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠይቄም የሚያውቅ አላገኘሁም። ሥራ የሚጀመረው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

በዚህ ፋብሪካ ስድስት ወር የሞላውና አለቃው የፈረመለት ሰው ቅቢዑት ያገኛል። ቅቢዑት ማለት ቋሚ ሠራተኛ መሆን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ከመሬት ተነስቶ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አይልህም። አባቴ አሥር ዓመት ሙሉ ዕብራይስጥ ሲነገር እየሰማ ይህቺን አንዷን ቃል አጥብቆ ይዟል። ከሥራ ስገባ «ቅቢዑቱስ?» ይለኛል፤ «ላሟስ ወለደች?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው። አለቃችን ደግሞ ጢሙን እንደ ክዳን ጠርዝ አስተካክሎ የሚቆርጥ፣ ከፈገግታው ሰዓቱ የሚቀድም ሰው ነው። «ሦስት ቀን ካረፈድክ ፊርማዬን አታገኝም» ብሎኛል። አራት ወር ሠርቼ ሁለት ወር ሲቀረኝ አንደኛውን ቀን አረፈድኩ።

ያረፈድኩት በአያ መሐሪ ምክንያት ነው። አያ መሐሪ የአጎቴ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ እለዋለሁ። እዚያው ፋብሪካ ቋሚ ከሆነ ቆይቷል። ባለአምስት ወንበር ነጭ መኪና አለው። አለው ስል እንዲያው ለአባባል ያህል ነው፤ መኪናዋ የሁላችን ናት፣ እሱ ነዳጅ ይሞላላታል። ለቅሶ ሲሆን አፉላ ከተማ፣ ሠርግ ሲሆን ረሖቦት ትሄዳለች፤ አይሁድ ሆነን ክርስትና ስለሌለን እግዜር ይመስገን እንጂ እሱም ይጨመርበት ነበር። ጠዋት ጠዋት እኔን ይዞኝ ይወጣል፤ ግን የሚያውቀው ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ካየ ማለፍ አይችልም። የማያውቀው ሰው ደግሞ የለም። ይቆማል፣ መስኮቱን ያወርዳል፣ «ወዴት ነው?» ይላል። ሰውየው ወዴትም ይሂድ፣ ወደ ሰሜንም ይሁን ወደ ባሕሩ፣ የአያ መሐሪ መልስ አንድ ነው።

«ግቡ፣ ግቡ፣ መንገዳችን ነው።»

ያን ቀን ሰባት ሆነን ነበር። ከፊት፣ ሁልጊዜም እንደምትቀመጠው፣ ለስኳሯ ደም ልትሰጥ የምትሄደው ጎረቤታችን እማማ ውባለም ተቀምጣለች። ከኋላ እኔ ከማላውቀው ሰው ጉልበትና ከአንድ ጆንያ ድንች መካከል ታጥፌ እግሬ ብቻውን ድንቹን ይደበድባል። ዘጠኝ ደቂቃ አረፈድን። አያ መሐሪ ቋሚ ነውና እያፏጨ ገባ። አለቃው ለእኔ አንድ ጣት አሳየኝ።

የዚያን ዕለት ማሽኑ ክዳኑን ሲተፋ እኔ ስሌት ሠራሁ። አውቶቡስ ልያዝ ብል ሁለት መቀየር አለብኝ፤ ሁለተኛውም አይታመንም። የራሴ መኪና ልግዛ ብል፣ አምስት ወንበር ያለው ሰው አምስት ወንበር ሙሉ ዘመድ አለው ማለት ነው፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። አራትም ብትሆን ያው ናት። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት ብትሆንስ? አንዱ የእኔ። ሌላው ላይ ቦርሳዬን አስቀምጣለሁ። ጣሪያዋ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ማንም አሮጊት፣ ነፋሱን ፈርታ፣ አትጠጋትም። ሐሳቡ እንደመጣልኝ እግሬ ጸጥ አለ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ብልሃት አግኝቼ አላውቅም ብዬ አመንኩ።

በማግስቱ ጋዜጣ ገዝቼ የማስታወቂያ ገጹን በእስክሪብቶ አከበብኩት። የመጀመሪያዋ መኪና ባሕሩ አጠገብ ነበረች። ጣሪያዋ ተከፍቷል፤ አይዘጋም። ባለቤቱ «ናታንያ መቼ ይዘንባል ደግሞ?» አለኝ። ወለሏን ባየው ሣር በቅሏል፤ እውነቴን ነው፣ ከነፍሳቱ። ሁለተኛዋ ጣሪያዋ ተዘግቷል፤ አይከፈትም። ባለቤቷ በመርፌ ሰፍታዋለች። ልሞክራት ብዬ ስገባ ጉልበቴ መሪው ሥር ተሰነቀረ፤ ያ ክፉ እግሬ ነዳጁ ላይ እስክስታ ወረደ፤ መኪናዋ እየዘለለች ሦስት ሱቅ አለፍን። ሴትዮዋ ወርዳ መሬቱን ከነካች በኋላ «መንጃ ፈቃድህን የት አገር ነው የሰጡህ?» አለችኝ። እዚሁ መሆኑን ለመናገር አፈርኩ።

ሦስተኛዋን ማስታወቂያ እቤት ጮክ ብዬ ማንበቤ ነው ስህተቱ። እናቴ «ጣሪያዋ ይከፈታል» የሚለውን ስትሰማ ማማሰያዋን አስቀመጠች።

«ጣሪያ የሌላት? ሱዳን ላስቲክ ሥር ከረምን። እዚህ ስንመጣ ካራቫን የሚሉት የቆርቆሮ ቤት ሰጡን፣ እሱም ቢሆን በክረምት አፈሰሰ። ይኸው አሁን የሲሚንቶ ጣሪያ አገኘሁ ስል፣ አንተ ከፍለህ ሜዳ ልትወጣ?»

አባቴ ግን ሌላ ነገር ይዞታል።

«ዘሯስ?» አለ።

አባቴን ላስተዋውቃችሁ። በአገሩ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻው፣ ማጭዱ፣ መጥረቢያው በሦስት ወረዳ ይታወቅ ነበር። ናታንያ ውስጥ ግን ማረሻ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ሕንጻችን በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ የሚያልፍ የሚያገድመውን ያያል። ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ጣቱ ብቻ የወንበሩን ብረት መታ መታ ያደርጋል።

«ጋዜጣው ሰባተኛ እጅ ናት ይላል፣ አባ» አልኩት። እዚህ አገር ያገለገለ መኪና ሲሸጥ የስንተኛ ሰው እጅ ላይ እንዳለ ይጻፋል፤ ሰባተኛ እጅ ማለት ሰባት ባለቤት የተፈራረቀባት ናት።

«ሰባት? ልክ ሰባት?» አለና ዓይኑ በራ። በእኛ ዘንድ ልጅ ሲዳር በወንድም በሴትም በኩል እስከ ሰባት ቤት ዘር ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ሥጋ ዘመድ ከተገኘ ነገሩ እዚያው ላይ ይቀራል። አባቴ ይህን ሥራ አልረሳውም፤ እዚህ ከመጣን ወዲህ ማንም አልጠየቀውም እንጂ። «ታዲያ ይህቺ ቆጥራ ጠበቀችን እኮ! ሽማግሌ እንልካለን። ኸየት እንደመጣች ሳይጠየቅ ወደ ቤት የምትገባ ነገር የለችም።»

ብቻዬን እሄዳለሁ አልኩ። መኪና ብቻውን የሚገዛ ሚስትም ብቻውን ያገባል አለኝ። ይህ በእርሱ ዘንድ ስድብ ነው።

በአርብ ጠዋት ወደ መሀል ከተማ ወረድን። አባቴ ኮቱን ለብሷል፤ ጃንጥላውን ይዟል። ከእርሱ ጋር አባ ፈረደ አለ፤ ከአዲስ አበባ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ የመጣ ጎረቤታችን፣ ክርክር ሲያጣ ከጥላው ጋር የሚከራከር ሽማግሌ። ሁለቱም ነጭ ኩታ ደርበዋል። ሻጩ ሞሪስ የሚባል፣ ከሞሮኮ የመጣ ፀጉር አስተካካይ ነው። መኪናዋ ከሱቁ ፊት ለፊት ቆማለች፤ ቀይ፣ ትንሽ፣ ጣሪያዋ ጥቁር ሸራ። ሳያት እግሬ መሬቱን መታው።

ሞሪስ ምላጩን እንደያዘ ብቅ ብሎ ሁለቱን ነጭ ለባሾች አየና ደነገጠ። በኋላ እንደነገረኝ ወይ ከግብር መሥሪያ ቤት ወይ ከሰማይ የተላኩ መስለውት ነበር።

«ሻሎም፣ ሻሎም! ተቀመጡ» አለና ወንበር ጎተተ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ አባ ፈረደ።

ተረጎምኩ። ሞሪስ ሌላ ወንበር አመጣ፤ የመጀመሪያው አልተመቻቸውም ብሎ። አልተቀመጡም። ትራስ ያለውን አመጣ። አልተቀመጡም። የሚያደርገውን አጥቶ በመጨረሻ ግማሽ ፊቱ በአረፋ የተለወሰውን ደንበኛ አስነስቶ ትልቁን የመላጫ ወንበር አቀረበ። አባ ፈረደ ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌ የልጅ አባት ደጅ ላይ ቆሞ ነው የሚናገረው፤ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ይህን እዚያ ላይ ለሞሪስ እንዴት ላስረዳው? «እግራቸውን ያማቸዋል» አልኩት። «ታዲያ ለምን አይቀመጡም?» አለኝ።

«ጠይቀው» አለ አባቴ። «ይህቺ ኸማን ኸማን ዘንድ ነበረች? አንድ በአንድ።»

ሞሪስ ይህን ጥያቄ ሲሰማ ፊቱ ተፈታ። የከተማው ፀጉር ሁሉ በእጁ ያልፋል፤ የማያውቀው ነገር የለም፤ የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ደግሞ በዓል ነው። አባ ፈረደ ጣቱን ዘረጋ።

«የመጀመሪያው ጥርስ ሐኪም ነው።»

«ጥርስ የሚነቅል» አለ አባ ፈረደ፣ አንድ ጣት እያጠፈ። «እሺ፣ ይለፍ።»

«ሁለተኛዋ የእሱ ልጅ። ስትፋታ ሸጠቻት።»

«ኧረ ገዷ ክፉ ነው!»

«ሦስተኛው የጦር መኮንን። አራተኛው ሠርግ ላይ የሚዘፍን ሰው።»

«አዝማሪ! ይህስ ደግ ነው» አለ አባ ፈረደ። አባቴ ግን አይሰማም። በመኪናዋ ዙሪያ እየዞረ በጣቱ አጥንት ኳ፣ ኳ ያደርጋታል፤ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ እንደገና ኳ ኳ። በስተኋላ በቀኝ በኩል ሲደርስ ቆመ።

«አምስተኛው ከእናንተው ነው» አለ ሞሪስ። «ዝምተኛ፣ ሰው አክባሪ ልጅ። ገዝቷት ወር ሳይሞላው ለአንዲት ነርስ አሳልፎ ሸጣት። እዚያው ራማት የዲዲም ነው የሚኖረው፣ ክዳን ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ስሙ መሐሪ።»

መተርጎሙን ተውኩት። ግን ስም ትርጉም አይፈልግም። አባ ፈረደ የታጠፉትን ጣቶቹን አየ፣ እኔን አየ።

«መሐሪ የወንድምህ ልጅ?» ብሎ ወደ አባቴ ጮኸ። «አምስተኛው ላይ ተገናኙ! ዘመድ ናት! ጋብቻው ፈርሷል፤ በሉ እንሂድ!» ዱላውን አነሳ። አረፋ የለበሰው ደንበኛ ማን እንደሞተ ጠየቀኝ።

«ቆይ» አለ አባቴ። ጣቱን እዚያችው ቦታ ላይ እንዳደረገ ነው። «እዚህ ጋ ብረት የለም። ተሰብራ ነበር፤ በጭቃ ነው የመረጓት።»

ይህን ስተረጉም ሞሪስ ከመኪናዋ የባሰ ቀላ። «ማን ነገረው? ስቱኮ ነው፣ አዎ፣ ግን ስገዛትም እንዲሁ ነበረች! የእኔ ሥራ አይደለም፣ በልጆቼ! ያ ልጅ ነው፣ መሐሪ፤ ምሰሶ ገጭቶባታል።» ከዚያ ወደ አባቴ ጠጋ ብሎ ጣቱን ያዘና አገላብጦ አየው። «ሳባ፣ ይህ ጣት ጋራዥ አለው እንዴ?» አለ፤ ሳባ በእነርሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው።

አባቴ ፈገግ ሲል ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላስታውስም። «ሥጋ ዝምድና ለጋብቻ ነው የሚከለክል» ብሎ ፈረደ። «ይህቺን ዘመድ አቁስሎ ትቷታል። ዘመድ ያስታማት።» አለና የመላጫው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አባ ፈረደም እያጉረመረመ ተቀመጠ። ሞሪስ ከደስታው ብዛት ሁለቱንም ሊላጫቸው ፈለገ። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም፤ አያ መሐሪ፣ ያ የሰው ሁሉ ሹፌር፣ ከሁለት ወንበር ጋር ምን ነበረው? ለሞሪስ ሰኞ እመጣለሁ አልኩት።

እሑድ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነውና ጠዋት በነጯ መኪና ስድስት ሆነን ሄድን። እማማ ውባለምን ኩፓት ሖሊም በር ላይ፣ ሌሎቹን በየደረሱበት እስክናወርድ ድረስ ምላሴን ነክሼ ጠበቅኩ። ሁለት ስንቀር «አያ፣ ቀይዋ መኪና» አልኩት።

ነጯ መኪና የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ነካች። ዳር ላይ ቆመ። አልተቆጣም፤ እንደ ሌባ አፈረ።

«አንተም?» አለኝ። «እኔ ተንኮሉን ያሰብኩት ብቻዬን መስሎኝ።»

«ምን ሆነህ ሸጥካት?»

«ባለአምስቷ ቀላል ናት» አለ። «ሁሉም ይገባል፤ ይጨናነቃል፣ ይሰዳደባል፣ ይደርሳል። ባለሁለቷ ግን ታስመርጥሃለች። አንድ ጠዋት አክስቴና እማማ ውባለም እኩል ደጄ ቆሙ። አክስቴን ጫንኩ። እማማ ውባለም አልተቆጣችም፤ እሱ ነው ያጠፋኝ። ቆማ ቀረች። በመስታወት አየኋት፤ ከዚያም ሳያት ሳያት ምሰሶው መጣ።» መኪናዋን አስነሳ። «ይኸው ከዚያ ወዲህ ከፊት አስቀምጣታለሁ።»

አሥራ አንድ ደቂቃ አረፈድን። አለቃው ሁለት ጣት አሳየኝ። አያ መሐሪ የነገረኝ ነገር ልቤ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሁለቱ ጣቶች ግን ዓይኔ ውስጥ ገቡ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ሰኞ ቀይዋን ገዛኋት። በስንት እንደገዛኋት አትጠይቁኝ፤ እናቴም እስከ ዛሬ አልሰማችም።

በመጀመሪያው ጠዋት ቁልፌን እያሽከረከርኩ አራት ፎቅ ወረድኩ። በሩ ላይ ሦስት ሰው ቆሟል። ከፊት እማማ ውባለም።

«አንድ ሰው ብቻ ነው የምትጭን ሲሉ ሰማን» አለችኝ። «ስለዚህ እንዳንቀደም ብለን ማልደን መጣን።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሦስቱም ያዩኛል፤ እግሬ ደረጃውን ይደበድባል፤ ሰዓቱ ይሄዳል። ማንን ልጫን? ማንን ልተው? ልክ አያ መሐሪ እንዳለው መኪናዋ ዳኛ አድርጋ አስቀመጠችኝ። ያን ጊዜ ከኋላዬ የዱላ ያህል የተጠቀለለ ጃንጥላ ብቅ አለ። አባቴ ነው፤ ኮቱን ለብሷል። ማንንም ሳያይ በሩን ከፈተና ገብቶ ተቀመጠ።

«ንዳ» አለኝ።

ሽማግሌን ከተቀመጠበት ተነሥ የሚል የለም። ሦስቱም መርቀውት ወደ አያ መሐሪ ነጭ መኪና ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ በየጠዋቱ ከእኔ ጋር ይወጣል። ፋብሪካው በር ላይ ይወርዳል፣ መንገዱን ይሻገራል፣ በጡረተኛ ካርዱ በአውቶቡስ ይመለሳል። የሚሄድበት ጉዳይ የለውም። በጉዞው ላይ አይናገርም፤ ጣቱ ብቻ የመኪናዋን በር መታ መታ ያደርጋል፤ አልፎ አልፎ «ከፊት ጎማው ዘንድ አንድ ነገር ላልቷል» ይላል፤ ባየው ላልቶ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ትራፊክ መብራት ላይ ጣቱንና እግሬን አብሬ አየኋቸው፤ እኩል ነው የሚመቱት። ዕድሜዬን ሙሉ ሐኪም የጠየቅኩበት ነገር ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

«አባ፣ ለምንድን ነው የምትመጣው?» አልኩት።

«አሥር ዓመት ተቀመጥኩ፣ ልጄ» አለ። «የተቀመጠ ብረት ይዝጋል።»

ብቻዬን ለመሆን የገዛኋት መኪና ነበረች። ግን አልተናደድኩም። እንዲያውም ወደድኩት፤ ይህን ለእርሱ አልነገርኩትም፤ ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ።

ዝናቡም መጣ። ናታንያ መቼ ይዘንባል ላለኝ ሰውዬ ሰላምታዬ ይድረሰው። ግማሽ መንገድ ላይ ሳለን ሰማዩ ተቀደደ፤ ጣሪያዋን ልዝጋ ብዬ ብስበው ሸራው አጋማሽ ላይ ተሰንጎ ቀረ። እመለሳለሁ አልኩ፤ ሁለት ጣት ዓይኔ ላይ መጣብኝ። አባቴ ጃንጥላውን ዘረጋ።

«ንዳ!»

እየነዳሁ፣ እርሱ ከራሴ በላይ ጃንጥላ ይዞልኝ፣ በባሕሩ መንገድ ሄድን። ከኋላችን ያለው ሁሉ ጥሩምባ ነፋ፤ አንዱ በመስኮት ወጥቶ አጨበጨበ። መታጠፊያው ላይ ነፋሱ ጃንጥላውን ገለበጠው፣ ከዚያም ነጥቆ ወሰደው። አባቴ እጁን እንደዘረጋ ቀረ፤ መኪና የሚያሳልፍ ትራፊክ ፖሊስ መሰለ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ስምንት ላይ በሩን ገባን። ቀኑን ሙሉ ክዳን የምሠራ ሰው ክዳን አጥቼ ውሃ ስጨምቅ አለቃው አየኝ፣ ሰዓቱን አየ፣ ምንም አላለም። ከእርሱ ይህ ጭብጨባ ነው።

ስድስት ወሩ ሊሞላ አንድ ቀን ብቻ ቀረው።

በዋዜማው አፉላ ዘመድ ሞተ ተባለ። አያ መሐሪ ነጯን መኪና ሞላና ሄደ፤ አባቴም አብሮት ሄደ። ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ «ነገ ቅቢዑቱ ነው፤ ወዲያ ወዲህ አትበል» አለኝ። የተፈረመባት ወረቀት እስክትመጣ ለቅሶው ላይ ሆኖ እንደሚጠብቅ አወቅኩ።

የዚያን ጠዋት ምን እንደሆነ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ልባችሁ እንዳይሰቀል። አረፈድኩ። አለቃው ሦስተኛ ጣቱን አነሳ፤ ቅቢዑቱ ሦስት ወር ተገፋብኝ። አባቴ ሲሰማ ሳምንት አኮረፈኝ፤ ለምን እንደሆነ ስነግረው ደግሞ በጣቱ የቤቱን በር መታ መታ አደረገ፤ በማግስቱ ማልዶ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ከሦስት ወር በኋላ ተፈረመልኝ። አሁን እንዴት እንደሆነ ስሙ።

ብርድ ነው፤ ፀሐይ ግን ወጥታለች። ጣሪያዋን ከፍቼአለሁ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ከፋብሪካው ማሽን ሥር የተመኘሁት ይህንን ነበር። ቦርሳዬን አስቀመጥኩበት። የመኪናዋ በር ዝም ብሏል። የሆነ ነገር ይንኳኳል፣ ምን እንደላላ የሚነግረኝ የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስደርስ እማማ ውባለም ቆማለች። ነጯ መኪና አፉላ ናትና የሚያነሳት የለም። በእጇ የደም ምርመራ ወረቀቷን ይዛለች። አዘገምኩ፤ ሰላም ሳልል ማለፍ ነውር ነው።

«ቦታ አለህ፣ ልጄ?» አለችኝ። ባዶው ወንበር ፊት ለፊቷ ነው።

«ሰው አለበት፣ እማማ» አልኳት። «የአባቴ ነው።»

«ይሁን፣ ይሁን። እግዜር በሰላም ያግባህ» አለች። አልተቆጣችም። ወንበሩንም ቦርሳዬንም አየች እንጂ አልተቆጣችም።

ነዳሁ። ሃያ ደቂቃ አለኝ፤ ኩፓት ሖሊም ከእኔ መንገድ በተቃራኒ፣ ከተማው ማዶ ነው። መስታወቱን ላለማየት መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ። አየሁት። ቆማለች፤ ወረቀቷን ከነፋሱ በኩታዋ ሸፍናለች፤ እያነሰች ሄደች። ያን ጊዜ ማንም ሳያዘው፣ እኔም ሳላዘው፣ ቀኝ እግሬ ብቻውን ተነሳ። ከነዳጁ ላይ ተነሳና ፍሬኑን ረገጠ።

ወደ ኋላ ተመለስኩ። ቦርሳዬን ከወንበሩ አንስቼ እግሬ ሥር ጣልኩት፤ በሩን ከውስጥ ከፈትኩላት።

«ምነው፣ ሰው አለበት አላልክም?» አለች። «ደግሞ የእኔ ወዲያ ነው፣ የአንተ ወዲህ።»

«ግቢ፣ እማማ» አልኳት። «መንገዳችን ነው።»